ጭሱ ሳይተኛ፦ የአየር ጥራት ትንበያን ከጤና ጣቢያ ጋር አያይዞ በሰፈር ለመጠቀም የሚረዳ መመሪያ

ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ በጠዋት መስኮት የከፈተ ሰው ያውቀዋል። ከ4ኛ ፎቅ ወደ ታች ስታዩ ጭሱ ከጣሪያ ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ከዚያ ወደ ጎን ይተኛል። ከብሎክ ብሎክ፣ እንደተዘረጋ ነጠላ። ፀሐይ ጠንከር እስክትል ድረስ ንቅንቅ አይልም። ልጆች ቦርሳ አንግተው ትምህርት ቤት የሚሄዱት ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያም አይደለሁም። የብሎካችን ኮሚቴ አባል ነኝ። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። ላለፉት ሁለት በጋዎች ከጎረቤቶቼና ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ጋር አንድ ሥራ ይዘን ቆይተናል፤ ነገ አየሩ ይከብዳል የሚለውን ወሬ ዛሬ ማታ ከሰል ሳይቀጣጠል ለሰው ማድረስ። ትንበያው አለ። በነፃ ነው፤ በየቀኑም ይወጣል። የጎደለው ከስልክ እስከ ማንደጃ ያለው መንገድ ነው። ይህ መመሪያ ያንን መንገድ ስለመሥራት ነው። ለገጣፎም ብትኖሩ፣ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ቃሊቲም፣ ኮዬ ፈጬም ይሠራላችኋል።

1. በቅድሚያ የራሳችሁን ጭስ እወቁ

ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ያያችሁትን ጻፉ። ምን እየነደደ ነው? በየት በኩል? ነፋስ አለ ወይ? ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ወይስ ደመና?

አንድ የሚታይ ምልክት ምረጡ። እኛ የምንጠቀመው ሁለት ተራሮችን ነው። የረር ቅርብ ነው፤ ዝቋላ ሩቅ። ሁለቱም ጎልተው ከታዩ ጥሩ ቀን ነው። ዝቋላ ጠፍቶ የረር ብቻ ከቀረ መካከለኛ ነው። የረርም እንደ ጥላ ከሆነ ያ ቀን ከባድ ነው። ይህ ሳይንስ ነው ብዬ አላጋንንም፤ ጉም ባለበት ጠዋትም ያሳስታል። ግን ዓይን ከሳምንት በኋላ ይለምዳል፤ ደብተሩም በኋላ ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር ይጠቅማል።

የሚነደውንም በስሙ ጻፉት። እኛ ጋ በጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው፤ እንጀራ ይጋገራል። ማታ ከሰል ነው። መብራት በሄደ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ሲዘገይ የተከመረው ይቃጠላል፤ ፌስታሉም፣ ዳይፐሩም፣ አንዳንዴም የጎማ ቁራጭ። አስፋልት ያልገባበት መንገድ ላይ ሲኖትራክ ድንጋይና አሸዋ ጭኖ ሲያልፍ አቧራው ለግማሽ ሰዓት አይወርድም።

ጭሱ ለምን ይተኛል? በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዝና ይከብዳል። ከላይ ያለው አየር ግን ሞቅ ያለ ነው፤ እንደ ክዳን ይሆናል። ጭሱ ከክዳኑ በታች ይቀራል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ክዳኑ ይነሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ማገዶ ቀን 7 ሰዓት ላይ ቢነድና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነድ ጉዳቱ አንድ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ጎረቤቶቻችሁ ከያዙላችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

2. ሁለቱን ቁጥሮች አትደባልቁ

የምትከታተሉት ፒኤም 2.5 የሚባለውን ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ቅንጣት ማለት ነው፤ የፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ ይበልጠዋል። ከማነሱ የተነሳ የሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል፤ ከዚያም አልፎ ደም ውስጥ ይዘልቃል። አስምና የሳንባ ምች ብቻ ሳይሆን የልብ ድካምና ስትሮክ የሚያባብሰውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ መጠኑ ራሱ ነው፤ ማይክሮግራም በሜትር ኩብ። ሌላው ኤኪዩአይ የሚባለው ከ0 እስከ 500 የሚሄድ መመዘኛ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤኪዩአይ 100 ማለት 100 ማይክሮግራም ማለት አይደለም። በአሜሪካው ስሌት 35.4 ማይክሮግራም ኤኪዩአይ 100 ይሰጣል፤ 55.4 ደግሞ 150፤ 125.4 ሲደርስ 200። የአውሮፓው መመዘኛ ሌላ ነው፤ ቀለሙም ይለያል። ሁለት ሰዎች ሁለት አፕ ከፍተው «የእኔ ቢጫ ነው፣ የአንተ ቀይ ነው» ብለው ሲከራከሩ አይቻለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ማይክሮግራሙን ብቻ ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ልክ ለ24 ሰዓት አማካይ 15፣ ለዓመት አማካይ 5 ነው።

3. ትንበያውን ከየት እናገኛለን

በየቀኑ የሚወጣና ለሁሉም ክፍት የሆነው ትንበያ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ የከባቢ አየር ክትትል አገልግሎት የሚያወጣው ነው፤ በአጭሩ ካምስ ይባላል። ዓለምን በሙሉ ይሸፍናል። በቀን ሁለት ጊዜ ይታደሳል፤ የ5 ቀን ትንበያ ይሰጣል። በስልክ ለማየት ቀላሉ መንገድ ዊንዲ የሚባለው አፕ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ፒኤም 2.5 የሚለውን መርጣችሁ ሰፈራችሁ ላይ ጣታችሁን ታሳርፋላችሁ። ዊንዲ በስልካችሁ ሰዓት ያሳያል። የካምስን ገጽ በቀጥታ ከከፈታችሁ ግን ሰዓቱ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር 3 ቀንሱ። 06 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 15 ካለ 12 ሰዓት ነው፤ ማታ። 03 ካለ ዜሮ ይመጣል፤ ያ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከ03 በታች ለሆነው 12 ደምሩና 3 ቀንሱ፤ 00 ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። 3 ቀንሳችሁ ከ12 በላይ ከመጣ ደግሞ 12 ጨምራችሁ ቀንሱ፤ 18 ማታ 3 ሰዓት ይሆናል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ብታዩት የዕለቱ አዲስ ትንበያ ገብቶ ይጠብቃችኋል። እኛ ያቺን ሰዓት ይዘናል።

ከዚያ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የአየር ሁኔታ ትንበያ እዩ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ነፋስና ደመና። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋሱም ከላላ ክዳኑ ይወርዳል። የነፋሱን አቅጣጫም ተመልከቱ። በበጋ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ያላችሁ የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የከተማውንም ጭስ ትቀበላላችሁ።

ለአቧራ የባርሴሎናው የአቧራ ትንበያ ማዕከል አለ። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሥር ሆኖ ለሰሜን አፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአውሮፓ የሚሠራ ነው። በየቀኑ አያስፈልጋችሁም። ሰማዩ ያለ ደመና ነጭ ሲሆንባችሁ ክፈቱት።

4. ትንበያውን በሰፈራችሁ ልክ አርሙት

ካምስ ዓለምን የሚያየው በግምት 40 ኪሎ ሜትር በ40 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአንድ ሁለት ካሬ ያልቃሉ። ለካሬው ሜክሲኮ አደባባይና የእናንተ ጓሮ አንድ ናቸው። የነገውን አዝማሚያ ጥሩ አድርጎ ይነግራችኋል። ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሚቆመውን የጠዋት ጭስ ግን ያሳንሰዋል።

ማረሚያው መለኪያ ነው። ለዓመታት ብዙ ሰው የሚያየው የአሜሪካ ኤምባሲ ያስቀመጠውን መለኪያ ነበር፤ ኤምባሲዎቹ በ2017 ዓ.ም. መረጃውን ለሕዝብ ማውጣት አቆሙ። ዛሬ ርካሽ መለኪያዎች በየቦታው አሉ። በካምፓላ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተነሳው ኤርኮ የሚባለው ፕሮጀክት ለአፍሪካ ከተሞች አቧራና ሙቀት የሚችል መለኪያ ሠርቷል። እኛ አንድ ትንሽ መለኪያ በመዋጮ ገዛን።

የት እንደምትሰቅሉት ተጠንቀቁ። የእኛን መጀመሪያ የሰቀልነው ከመሬት ቤቶቹ አጠገብ ያለ ግድግዳ ላይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ ሲያሻቅብ ደነገጥን። በኋላ ነው ያየነው፤ ከግድግዳው ጀርባ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤታችን የእትዬ ምጣድ አለ። የለካነው ሰፈሩን ሳይሆን አንድ ማድ ቤት ነበር። የሁለት ሳምንቱን ጽሑፍ ሰረዝነው። መለኪያው ከማድ ቤትና ከመንገድ ዳር ይራቅ። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይበል። ፀሐይና ዝናብ በቀጥታ አይምታው። አየር ግን በደንብ ያግኘው።

ሌላም አለ። እነዚህ መለኪያዎች የሚሠሩት በብርሃን ነው፤ ቅንጣቱ ብርሃኑን ሲበትነው ይቆጥራሉ። እርጥበት ሲበዛ ቅንጣቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መለኪያውም አብዝቶ ያነባል። የነሐሴን ጉም አትመኑት።

ለሦስት ሳምንት በየቀኑ የተተነበየውንና የተለካውን የ24 ሰዓት አማካይ ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ የተለካውን ደምራችሁ ለተተነበየው ድምር አካፍሉ። ለምሳሌ 1.4 ቢመጣ የነገውን ትንበያ በ1.4 አባዙት። ነገሩ ሻካራ ነው፤ ግን ያለ ምንም ከመሄድ በብዙ ይሻላል። በልግ ሲገባና ክረምት ሲገባ እንደገና ሥሩት፤ የበጋው ቁጥር ለክረምት አይሆንም።

መለኪያ መግዛት ካልቻላችሁ ይህን ደረጃ አትፍሩት። የተራራውን ምልክት ያዙ። የጠራ ሰማይ፣ ብርድና የላላ ነፋስ አብረው በመጡ ቁጥር ከትንበያው የባሰ እንደሚሆን ቁጠሩ።

5. ጤና ጣቢያው

ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ አንድ ሰው በስልኩ ሊሠራው ይችላል። ከዚህ በኋላ ግን ያለ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ብዙ በጎ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በር የምታንኳኩት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ናት። የት ቤት አራስ እንዳለች፣ የት ቤት አስም ያለበት ልጅ እንዳለ፣ የት ቤት ልባቸው የደከመ አዛውንት እንዳሉ ታውቃለች። ሁለተኛው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። ለእሱ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

የእኛ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነበር። ስለ ዓለም አየር ብክለት ጽፈን፣ «ትብብር እንዲደረግልን» ብለን ጨረስነው። አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ወር በላይ ተኛ። ምን እንደምንፈልግ ያነበበው ሰው ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ሆነ። የጠየቅነው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። በቀን ስንት ከ5 ዓመት በታች ልጆች በሳልና በትንፋሽ ችግር መጡ? ከ5 ዓመት በላይስ ስንት ሰው በአስምና በትንፋሽ ማጠር መጣ? በጠቅላላው ስንት ታካሚ መጣ? ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ የካርድ ቁጥር የለም። ለ8 ሳምንት ብቻ። በሳምንቱ ፈቃዱን አገኘን።

ሦስተኛውን ቁጥር አትተዉ። ሰኞ ሰው ይበዛል፤ በዓል ቀን ባዶ ነው። ጠቅላላውን ካላወቃችሁ ሰኞን በጭሱ ታመካኛላችሁ።

ቁጥሩን በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ከላይ አየሩ፣ ከታች የመጣው ሰው። የአየሩ ከባድ ቀን ማክሰኞ ቢሆን ውጤቱን ማክሰኞ ብቻ አትፈልጉ፤ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እናት ልጇን መጀመሪያ ቤት ውስጥ በዝንጅብል ትሞክራለች፤ ሳይሻለው ሲቀር ነው የምታመጣው።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያሳየሁት ካርድ የምታየዋን ነርስ ነበር። ሁለት ከፍታዎች አንድ ላይ ሲነሱ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆማ አየችውና «ጋሼ፣ ስንት ሰው እንደሳለ ካርዱ ይነግረናል፤ ለምን እንደሳለ ግን አይነግረንም» አለችኝ። ያ ሳምንት ጉንፋንም የገባበት ነበር። ብርዱ ራሱ አስም ያስነሳል። ቃሏን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። የሰፈር ቆጠራ ምክንያትን አያረጋግጥም። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያውና ሰፈሩ አንድ ወረቀት ላይ እንዲያዩ ያደርጋል።

በምላሹ ጤና ጣቢያው ምን ያገኛል? ይህን በግልጽ ንገሯቸው። ከባድ ቀን ሊመጣ ሲል ከ9 ሰዓት በኋላ አንድ መልእክት ይደርሳቸዋል። ሳልቡታሞል ማለትም ቬንቶሊኑ መኖሩን፣ ኦክስጅኑ መሙላቱን ያያሉ። የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የነገ ዙሯን ከአስም ቤቶች ትጀምራለች። የእነዚያ ቤቶች ዝርዝር ግን እሷ ዘንድ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ አይወጣም፤ ለኮሚቴም አይሰጥም። የሰው ሕመም የሰው ነው።

6. ከመቼ ጀምሮ እንናገር?

ይህን ብቻችሁን አትወስኑ፤ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ። የእኛ ስምምነት እንዲህ ነው። የታረመው የነገ አማካይ ከ35 በታች ከሆነ ዝም እንላለን። ከ35 እስከ 55 ከሆነ ጤና ጣቢያውንና ትምህርት ቤቱን፣ በኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ደግሞ አስም ያለባቸውን ቤቶች እናሳውቃለን። ከ55 ካለፈ ለሁሉም እንናገራለን።

35 ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ልክ 15 መሆኑን ከላይ ብያለሁ። ግን በ15 ብንጀምር በበጋ ብዙውን ቀን መጮህ ይመጣል። በየቀኑ የሚጮህን ሰው ማንም አይሰማም። ይህ ምርጫ ከብዶኛል፤ እስካሁንም ይከብደኛል። የልጄን ደረት የሚያፍነው ቀን ሁልጊዜ ከ35 በላይ አይደለም።

7. መልእክቱን ማን ያደርሳል?

ቁጥር አትላኩ። «ፒኤም 2.5 ነገ 62» የሚል መልእክት ለማንም ምንም አይልም። የሚደረገውን ላኩ። የእኛ ይህ ነው፦

«ነገ ረቡዕ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት አየሩ ይከብዳል። ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት ቆሻሻ አታቃጥሉ። ከሰል ውጭ አቀጣጥሉ፤ ቤት አስገብታችሁ አትተኙ። እንጀራ ለመጋገር የምትችሉ ከ5 ሰዓት በኋላ አድርጉት። አስም ያለበት መድኃኒቱን ይያዝ። ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ከተሰረጎደ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።»

ይህ በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። በከተማው ዳርቻ ብዙ ቤት የሚሰማው በዚያ ነው። ቋንቋው አፉን የፈታበት ጎረቤት ይጻፈው እንጂ በስልክ መተርጎሚያ አታድርጉት። የእኛ መጀመሪያ በመተርጎሚያ ነበር፤ አንድ አባት ቤታችን መጥተው «የጻፋችሁት ሌላ ነገር ነው» ብለው አስተካከሉልን።

ሰዓቱ 10 ሰዓት ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ከሰሉ ተያይዟል። የብሎኩ ቴሌግራም ስልክ ላለው ነው። ስልክ ለሌላቸው የዕድሩ ለፋፊ አለ። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም ተባብረውናል። ከሁሉ በላይ የሠራው ግን የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ልጅ የሰማውን እናቱ ላይ ይደግመዋል። ማንደጃውን ይዞ ወደ ውጭ የሚያወጣው ልጁ ነው።

ትንበያው ሲስት ተናገሩ። «ለዛሬ ከባድ ይሆናል ብለን ነበር፤ ነፋስ ተነሳና ቀለል አለ» በሉ። እንዲህ ስንል የሚያኮርፍ አልገጠመንም።

8. ቤት ውስጥ የሚደረገው

በጠዋት መስኮት ይዘጋ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ይከፈት። ትምህርት ቤቱ ስፖርቱን ከ2 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ያዙር። የጨርቅ ማስክና ነጠላ ለአቧራው ይረዱ ይሆናል፤ ይህን ቅንጣት ግን አያቆሙትም። ኤን 95 ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ያቆማል።

ከሰልን ለብቻው ልንገራችሁ። «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ፣ ምንም አያደርግም» የሚባለው ገዳይ ስሕተት ነው። የቀላ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የአየር ጥራት ትንበያም አያሳየውም፤ የእኛ መለኪያም አያነበውም። መስኮት ዝጉ ባልን ማታ ከሰል ቤት ውስጥ ከቀረ እኛው ሰው ገደልን ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ምክር ሁልጊዜ አብራችሁ ተናገሩ።

ልጅ ሲታመም የሚደረገው ቆጠራ ይህ ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ። ከ2 ወር በታች ከሆነ መቁጠርም አያስፈልግ፤ ውሰዱት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ በዚያው ደቂቃ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ለንግድ ለሚጋግሩት እህቶች ለየት ያለ ነገር አለኝ። የእኛዋ እትዬ ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። እንጀራው 12 ሰዓት ላይ ሱቅ መድረስ አለበት። «ከ5 ሰዓት በኋላ ጋግሪ» ማለት «ሥራሽን ተዪ» ማለት ነው። ስለዚህ አላልናትም። ማድ ቤቷ ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ሁለት ጎረምሶች የላሜራ ቱቦ አስገቡላት፤ ማገዶዋንም ዝናብ የማይነካው ቦታ አደረጉላት፤ ደረቅ እንጨት ጭሱ ያንሳል። ለሰፈሩ አየር ትልቅ ለውጥ አይደለም። ለእሷ ግን ነው። ጠዋት ጠዋት የሚፈሰው ዓይኗ ቆሟል።

9. ከሰፈር ባሻገር

ጭስ ወሰን አያውቅም። የእኛ ወረዳ በአዲስ አበባ ሥር ነው፤ ማዶው ያለው ሰፈር ሸገር ከተማ ነው። አስተዳደሩ ሁለት ነው፤ አየሩ አንድ። የእኛን ደብተር ለማዶው የኤክስቴንሽን ባለሙያም እናካፍላለን፤ እሷም ትልክልናለች። ይህ ያለ ማንም ትእዛዝ፣ በስልክ የሚሠራ ነገር ነው። ቁጥሩ ከተጠራቀመ በኋላ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን ግልባጭ ስጡ።

ርቆ የሚመጣም አለ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ሕንድ ደረሰ። ለአውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ማዕከል ነበር። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሆነ እንጂ ወደ እኛም ሊዞር ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ቀን የሰፈር መለኪያ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትንና የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን መግለጫ ተከተሉ፤ የኢንስቲትዩቱ ነፃ መስመር 8335 ነው። መንገዱ ከተሠራ ግን መልእክቱ ምንም ይሁን ምን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤት ይደርሳል።

ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ ለ11 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የወቅት ትንበያ ያወጣል። መጪው ወቅት ደረቅ ነው ካለ አቧራው ቀድሞ ይመጣል ብላችሁ ተዘጋጁ።

10. ኅዳር 11 ላይ ሞክሩት

መንገዱ መሥራቱን የምታዩበት ቀን አለ። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር በገባው ወረርሽኝ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ቆሻሻ ተጠርጎ በሽታውን ለማባረር ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይታጠናል። መነሻው የጤና ሥራ ነበር፤ ያን ጊዜ በእጃቸው የነበረውን ነው ያደረጉት። ስለዚህ «ልማዱን ተዉ» አትበሉ። መጥረጉን አብራችሁ ጥረጉ። ማቃጠሉን ነው የምትለውጡት፤ የዛሬው ቆሻሻ ፌስታልና ጎማ ነው።

ከኅዳር 5 ጀምሮ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ማኅበራት አናግሩና ለ11 ከሰዓት መኪና አስመድቡ። ኅዳር 11 ቀን 9 ሰዓት ላይ ትንበያውን እዩ። 10 ሰዓት ላይ መልእክቱን ልቀቁ። ከብሎኩ አሥር ቤት ምረጡና ማታ 1 ሰዓት ላይ አንኳኩ። «ዛሬ ስለ አየር የሰማችሁት አለ? ከማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንቱ እንደሰማ ጻፉ። ያልሰሙት ቤቶች ላይ መንገዱ የተቆረጠበትን ቦታ ታገኛላችሁ። ለእኛ በመጀመሪያው ዓመት ከአሥሩ አራቱ ብቻ ናቸው የሰሙት፤ ለፋፊው ከኋላ ያለውን መስመር ሳይደርስ ነበር የተመለሰው። በቀጣዩ ዓመት ከኋላ ጀመረ፤ ሰባት ሆኑ።

ኅዳር 12 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የረርን እዩ፤ የመለኪያውን ቁጥር ጻፉ። ኅዳር 15 ላይ ደብተሩን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና የሦስቱን ቀን ቁጥር ጠይቁ።